አባቴ የድሮ ዋጋ ማውራት አላቆም አሉ፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ላንቺ ይሁን ከባህር ዳር የጻፍሽልኝ እህቴ። ደብዳቤሽ ረጅም ስለሆነ ሌሎቹም እንዲከታተሉን አሳጠር አድርጌ ላስቀምጠው። አባትሽ 78 ዓመታቸው ነው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ብቸና አካባቢ ሲያርሱ ኖረው ዓይናቸው ስለደከመ ካምና ጀምሮ ከእናትሽ ጋር አንቺ ቤት ገብተዋል። ታዲያ ቀኑን ሙሉ የሚያወሩት የድሮ ዋጋ ነው። እንጀራ ሲቀርብ «እኛ ጤፍ ኩንታሉን በአርባ ብር»፣ ለልጅሽ ጫማ ሲገዛ «በዚህ ብር እኮ ስንት በሬ ይነዳ ነበር»፣ እንግዳ ሲመጣም ያው። ባለቤትሽ ሰው ፊት አፈርኩ ይላል፣ ልጆቹ «አርባ ብር ለስላሳም አይገዛም» እያሉ ይስቃሉ። በዚያ ላይ ለፋሲካ ከደብረ ማርቆስ የመጡት አጎትሽ «ውሸት ነው፣ ያኔ ጤፍ መቶ ብር አልፎ ነበር» ብለው ተከራክረው ሁለቱ ወንድማማቾች ተኳርፈዋል። አንቺን ግን ከሁሉም በላይ ያስጨነቀሽ አባትሽ «ያን ዓመት በሬዬን ቦራን ሸጥኩት» የምትለዋ ቦታ ላይ ሲደርሱ ሁሌ ዝም ማለታቸው ነው፣ ዝም ካሉ ደግሞ እራትም አይበሉም ብለሻል። ጥያቄሽ «እንዲተዉት ልንገራቸው፣ ልቻለው ወይስ ሀኪም ጋ ልውሰዳቸው» የሚል ነው።

የሀኪሙን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። የልጆችሽ ስም እየጠፋቸው ከሆነ፣ መንገድ እየሳቱ ከሆነ፣ ጠዋት የበሉትን ከሰዓት የሚረሱ ከሆነ አዎ ውሰጃቸው፣ ለዓይናቸው ስትሄዱ አብሮ ይታይላቸው። የድሮ ዋጋ ማስታወስ ብቻውን ግን በሽታ አይደለም። እንዲተዉትም አትንገሪያቸው። እባክሽ።

ይሄን የምልሽ እኔ ራሴ አባቴን ዝም ስላሰኘሁት ነው። እኔ ያደግኩት ሞጣ አካባቢ ገጠር ነው፣ ከተማ ገብቼ ትንሽ ስማር አባቴ ሊጠይቀኝ መጥቶ ጓደኞቼ ፊት የጃንሆይ ዘመን ዋጋ ሲያወራ «አባ እሱማ በደርግ ጊዜ ነው፣ አሳሳትከው» አልኩት። ምንም አልመለሰልኝም፣ ጋቢውን አስተካክሎ ቡናውን ጠጣ። ከዚያ ቀን በኋላ እኔ ባለሁበት ስለ ድሮ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ሲሞት የግብር ደረሰኞቹን አገኘን፣ በላስቲክ ጠቅልሎ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ከቶ ጣራው ሥር ሸጉጧቸው ኖሯል። ጆንያ ላይ ዘረጋናቸው፣ ጭስ ጭስ ይሸታሉ፣ የታጠፉበት መስመር ላይ ተበጥሰው አንዱ ወረቀት አራት ሆኗል፣ አንዳንዱ ላይ ሐምራዊ የአውራ ጣት አሻራ አለ። አባቴ ማንበብ አይችልም ነበር ግን እያንዳንዱን በቅዳዱና በቀለሙ ለይቶ ያውቀው ነበር፣ ይሄኛው የከብቱ ሞት ዓመት ነው ይሄኛው እህትሽ የተወለደች ጊዜ ነው ይል ነበር ትላለች እናቴ፣ እኛ ግን ስድስት የተማርን ልጆች ከበነው ቆመን ከወረቀቱ ቁጥሩን ብቻ ነው ያነበብነው። ያንቺ አባት በሕይወት አሉ፣ ያወራሉ፣ ደግሞ ሳይለመኑ ያወራሉ። እኔ ያንን ባገኝ ምን እንደምሰጥ አላውቅም።

አሁን ወደ ጠቡ እንምጣ፣ ምክንያቱም ደብዳቤሽን ሳነበው አባትሽም አጎትሽም እውነታቸውን ነው። ሁለቱም። ምን መሰለሽ፣ አጎትሽ ያኔ ደብረ ማርቆስ ተቀጥረው ይሠሩ ነበር ብለሻል አይደል፣ እሳቸው ጤፍ የሚገዙ ሰው ነበሩ። አባትሽ ጤፍ የሚሸጡ፣ ለዚያውም ተገደው የሚሸጡ። በደርግ ጊዜ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የሚባል ነበር፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመ፣ ገበሬው በገበሬ ማኅበሩ በኩል ኮታ ይጣልበታል፣ ያንን ያህል ኩንታል መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ያስረክባል። ጎጃም ትርፍ አምራች ነው ተብሎ ስለተያዘ ኮታው ከብዶ ነበር። ነጋዴውም ቢሆን ከገዛው ላይ ለድርጅቱ በቁርጥ ዋጋ እንዲያካፍል ይገደዳል፣ እህል ጭኖ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ለመሻገር ኬላ አለ። ስለዚህ በአንድ ዓመት ውስጥ ያው አንድ ጤፍ ሁለት ዋጋ ነበረው፣ ገበሬው ሲያስረክብ የሚከፈለው የኮታ ዋጋና ከተሜው ሲገዛ የሚከፍለው የገበያ ዋጋ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ እጥፍም ከእጥፍ በላይም ልዩነት ይኖር ነበር። አባትሽ አርባ ሲሉ የተከፈላቸውን ነው፣ አጎትሽ መቶ ሲሉ የከፈሉትን ነው። አንዱ ከጎተራ በኩል አንዱ ከሱቅ በኩል ሆነው አንዱን ኩንታል እያዩት ነው የተጣሉት። ይሄ እስከ 1982 ድረስ ቀጥሎ ያን ዓመት ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው ኮታው የቀረው። አጎትሽ ጋ ደውይና ይሄን ንገሪያቸው፣ «ጋሼ እርስዎ ያኔ ጤፉን የሚገዙት ከየት ነበር» ብለሽ ጀምሪ፣ እርስዎ ተሳስተዋል ብለሽ አትጀምሪ። ከተቻለ ሁለቱን አንድ ቀን አብረሽ አስቀምጪያቸው፣ ሲሸጥና ሲገዛ የነበረ ወንድማማች በአንድ ቤት ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህ ተነስቼ ስለ ቦራ አንድ ነገር ልበል፣ ግን ግምት ነው፣ ለአባትሽ እንደ እውነት እንዳትነግሪያቸው። ያኔ ብዙ ገበሬ ላይ የደረሰ ነገር አለ፣ ዝናቡ ያስቀረበት ወይ ውርጭ የመታው ሰው ኮታው ግን አይቀርለትም፣ ስለዚህ ከብቱን ይሸጥና በዚያ ብር ከገበያ በውድ እህል ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረክባል። አንብቢው እስቲ ደግመሽ። በመቶ ገዝቶ በአርባ መስጠት። ያላስረከበ ሰው ከኅብረት ሱቁ ስኳሩን፣ ሳሙናውን፣ አቡጀዲውን ሊከለከል ይችላል፣ ከዚያም የባሰ አለ። በሬ የሸጠ ገበሬ ደግሞ ያጣው ብር አይደለም፣ አንድ በሬ ብቻውን አያርስም፣ መቀናጆ ፍለጋ እንደሱ አንድ በሬ የቀረው ጎረቤት ደጅ ይጠናል፣ ጎረቤቱ ደግሞ መጀመሪያ የራሱን ያርሳል። ጤፍ እንደምታውቂው መሬቱ አራት አምስቴ ታርሶ ለስልሶ ነው ሐምሌ ላይ የሚዘራው፣ ተራ የሚጠብቅ ሰው ይዘገያል፣ የዘገየ ዘር ምን እንደሚሆን አባትሽን ብትጠይቂ ይነግሩሻል። አባትሽ ቦራን የሸጡት ለዚህ ይሁን ለሌላ፣ ለሰርግ ይሁን ለሕመም ይሁን ለዕዳ፣ እኔ እዚህ ሆኜ ልል አልችልም። ግን ዋጋ የሚያወሩ የሚመስሉት ሰውዬ እየዞሩ እየዞሩ ወደዚያ በሬ ነው የሚመጡት። አርባው ብር መንገዱ ነው፣ ቤቱ ቦራ ጋ ነው።

ልጆቹ ቢስቁ አትቆጫቸው፣ አልገባቸውም እንጂ ክፋት አይደለም። አርባ ብርን አሁን ባለው ብር ነው የሚለኩት፣ የሚለኩበትን ቀይሪላቸው። በደርግ ጊዜ በዲግሪ የተመረቀ ሰው መነሻ ደሞዙ 500 ብር ነበር በያቸው፣ አንድ ዶላር ደግሞ 2 ብር ከ7 ሳንቲም፣ እሱ ዋጋ ለ20 ዓመት ያህል ሳይነቃነቅ ቆይቶ በ1985 መጀመሪያ 5 ብር ሆነ፣ ከዚያ እየወጣ እየወጣ ሄዶ ሐምሌ 2016 በገበያ ይወሰን ሲባል ከ57 ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶ አለፈ። ትልቁ ልጅሽ ስምንተኛ ክፍል ነው ብለሻል፣ ይሄን በደንብ ይረዳል። ከዚያ ሥራ ስጪው፣ ብሩን ትቶ አያቱን በዕቃ ይጠይቃቸው። አንድ በሬ ለመግዛት ስንት ኩንታል ጤፍ ይሸጥ ነበር፣ አንድ ጆንያ ማዳበሪያ ስንት ኩንታል እህል ይበላ ነበር፣ ማረሻስ፣ የሰርግ ጥሎሽስ፣ አቡጀዲ አንድ ክንድ በስንት እንቁላል። ይሄንኑ ዘንድሮ ካለው ጋር ያስተያየው፣ ጤፉ አሁን ከአስር ሺህ በላይ ነው በሬውም ማዳበሪያውም የደረሰበትን ታውቂዋለሽ። ያኔ ልጁ የሚያገኘው መልስ አያቱ ከሚሉት «ድሮ ርካሽ ነበር» ጋር ላይገጥም ይችላል፣ አንዳንዱ ነገር በእህል ሲቆጠር ድሮም ውድ ነበር፣ አንዳንዱ ደግሞ እውነትም አሁን ነው የባሰው። አያቱም እሱም አብረው ይገርማቸዋል።

ስታስጠይቂ መስፈሪያውን አደራ። አባትሽ አንዳንዴ ዳውላ አንዳንዴ ኩንታል ይላሉ ብለሽ ያምታታሉ ብለሻል፣ አያምታቱም። በልጅነታቸው እህል በቁናና በዳውላ ነበር የሚሰፈረው፣ ሃያ ቁና አንድ ዳውላ ነው ይባላል ግን ቁናው ራሱ ከአገር አገር ይለያያል፣ የብቸና ቁናና የሌላው አንድ ላይሆን ይችላል። ኩንታልና ኪሎ ኋላ የመጣ ነው። ስለዚህ ዳውላ ካሉ ዳውላ ብለሽ ጻፊ፣ በኪሎ ቀይረሽ አትጻፊባቸው፣ «የዚያን ጊዜ ቁና ምን ያህል ነበር በእጅዎ ያሳዩኝ» በያቸውና ፎቶ አንሻቸው። ሳንቲሙንም እንደሚጠሩት ጻፊው፣ ስሙኒ ካሉ ስሙኒ፣ ሽልንግ ካሉ ሽልንግ፣ ልጆቹ ስሙኒ 25 ሳንቲም ሽልንግ 50 ሳንቲም መሆኑን ይወቁ። የአባታቸውን የጠገራ ብር ወሬ ካነሱልሽማ በቃ ቡናውን ድገሚው።

ዓመተ ምሕረት አትጠይቂያቸው። «ስንት ዓመተ ምሕረት ነበር» ስትያቸው ነው የሚደነጋገሩት፣ እኔም አባቴን ያሳሳትኩት እዚያ ላይ ነው። ገበሬ ዓመቱን የሚያውቀው በሆነው ነገር ነው። የእርሻ ገቢ ግብር መጣ ተብሎ ጎጃም የተነሳበት 1960 ነው፣ ያኔ አባትሽ ሃያ ዓመት አካባቢ ናቸው፣ ብቸናም ሞጣም ነበሩበት፣ ስለዚህ «ያ ዋጋ ከግብሩ ረብሻ በፊት ነው በኋላ» በያቸው። መሬት ላራሹ የታወጀው የካቲት 1967፣ መሠረተ ትምህርት የጀመረው 1971፣ ትልቁ ድርቅ 77፣ ከዚያ ሰዉ ቤቱን አፍርሶ መንደር ግባ የተባለበት ጊዜ አለ፣ ኢህአዴግ ጎጃም የገባው አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት 1983 የካቲት አካባቢ ነው፣ የመሬት ሽግሽጉ ደግሞ 89። አንቺ መች ተወለድሽ፣ ታላቅሽ መች ክርስትና ተነሳ፣ የቤቱ ጣራ መች ቆርቆሮ ሆነ፣ እነዚህንም ጨምሪበት። በዚህ ብትሄጂ አባትሽ አይሳሳቱም፣ ቢሳሳቱም ሰው ፊት አታርሚያቸው፣ ከሥሩ በእርሳስ ጻፊና እለፊ።

አንድ ነገር ግን ደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። እናትሽ። አራት ገጽ ስትጽፊ እናትሽ የተነሱት አንዴ ነው፣ አብረው መጡ ብለሽ። እሳቸውስ ምን ይላሉ? አባትሽ የሚያውቁት የበሬና የጤፍ ዋጋ ነው፣ ያ ዋጋ በዓመት አንዴ ሁለቴ ነው ቤት የሚገባው። በየሳምንቱ ቤቱን የምታኖረው የእናት ዋጋ ነው፣ የእንቁላል፣ የዶሮ፣ የቅቤ፣ የጌሾ፣ የፈትል። እናቴን አስታውሳታለሁ፣ እንቁላሉን እንቅብ ውስጥ ጭድ ላይ ደርድራ በነጠላዋ ሸፍና ገና ሳይነጋ ትወጣለች፣ ሲመሽ ስትመለስ እንቅቡ ውስጥ ጨው፣ ለኩራዙ ላምባ፣ ክብሪትና አንዳንዴ ለኛ ሸንኮራ ይኖራል፣ መጀመሪያ ግን ምንም ሳታወርድ መቀነቷን ፈትታ የቀረውን ሳንቲም ትቆጥራለች፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ያንን ቆጠራ ማንም ጠይቋት አያውቅም። እናትሽን ለብቻቸው ጠይቂያቸው፣ አባትሽ በሌሉበት፣ ማድ ቤት ሽንኩርት እየከተፋችሁ ቢሆን ይሻላል ምክንያቱም የዚያ ዘመን እናቶች «ተቀመጪና ተናገሪ» ሲባሉ «እኔ ምን አውቃለሁ» ነው የሚሉት፣ እጃቸው ሥራ ሲይዝ ግን ይወጣል። ቦራ የተሸጠበትን ዓመት ቤቱ ውስጥ ምን እንደተበላ የሚያውቁት ደግሞ እሳቸው ናቸው።

ባለቤትሽን በተመለከተ ልጆቹና አባትሽ ባሉበት እንዳትከራከሪው፣ ማታ ለብቻችሁ ስትሆኑ ንገሪው። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው ብለሻል፣ ታዲያ እሱ ራሱ ማታ ቤት ሲገባ የሚያወራው ምንድን ነው? «ይሄ ዕቃ እኮ ካምና በዚህ ነበር፣ አሁን ዋጋው የት ደረሰ» አይደለም እንዴ? እሱም አባትሽም የሚያወሩት ያንኑ ነው፣ በእጃቸው የሠሩበትን፣ የከሰሩበትን፣ ቤተሰብ ያሳደሩበትን ነገር። አንድ ቀን ራሱ ይጠይቃቸው፣ «አባባ በሬ ሲገዙ እንዳይሸወዱ ምኑን ነበር የሚያዩት» ይበላቸው። ነጋዴና ገበሬ በዚህ ይግባባሉ፣ አምናለሁ። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ አባትሽ በየመሀሉ ጣል ከሚያደርጉት ይልቅ አንቺው ቀድመሽ «አባዬ እስቲ ያቺን የወንፈሉን ንገሯቸው» ብለሽ ቦታ ብትሰጫቸው ይሻላል፣ ተጠይቆ የሚያወራ ሰው ሲጨርስ ያቆማል፣ ሰሚ ያጣ ሰው ነው የሚደጋግመው።

ለመቅዳቱ ስልክሽ ይበቃል፣ ሌላ ዕቃ አትግዢ። ግን ደብቀሽ አትቅጂ፣ ንገሪያቸው፣ ለልጆቹ እንዲቀር ነው በያቸው፣ ደስ ይላቸዋል እንጂ አይከፉም። ስልኩን ጉልበታቸው አጠገብ አስቀምጪው፣ ቲቪውን አጥፊ፣ በአንዴ ከግማሽ ሰዓት አትለፊ። ሲጨርሱ ቀኑን ተናግረሽ ዝጊው፣ ማታውኑ ለወንድም እህቶችሽ በቴሌግራም ላኪላቸው፣ ስልክ ይጠፋል ይሰበራል። ሰፈር ያሉ ዘመዶች የድሮ ደረሰኝ፣ የገበሬ ማኅበር ደብተር፣ የመሬት ካርታ ካላቸው አንድ በአንድ ፎቶ ያንሱልሽ፣ ጀርባውንም ጭምር፣ ጀርባው ላይ ነው ብዙ ጊዜ ሰው የሚጽፍበት።

መጀመሪያውን ምሽት ዋጋ አትጠይቂ። ቡናው አቦል ሲደርስ፣ እናትሽ በተገኙበት፣ ልጆቹም ሳይባረሩ፣ ቀስ ብለሽ «አባዬ፣ ቦራ ከማን ጋር ነበር የሚጠመደው?» በያቸው። አጣማጁም ስም ነበረው፣ እሱንም ይንገሩሽ፣ የትኛው ቀኝ የትኛው ግራ ይገባ እንደነበር፣ የትኛው እልኸኛ እንደነበር፣ ጥጃ ሆኖ ከየትኛው ላም እንደመጣ። ዝም ካሉ አብረሽ ዝም በይ፣ ወሬ አታስቀይሪያቸው፣ ሁለተኛው ስኒ እስኪቀዳ ጠብቂ። በስንት እንደተሸጠ ራሳቸው ይነግሩሻል።